ቢጫው ፖስታ ሲደርስዎ፦ በጀርመን ውድቅ የተደረገን የጥገኝነት ጥያቄ ወደ ፍርድ ቤት እንዴት መውሰድ ይቻላል?

በጀርመን የጥገኝነት ጥያቄን የሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ባምፍ፣ ውሳኔውን አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው በቢጫ ፖስታ ነው። ብዙ ወገኖቻችን «ኔጋቲቭ መጣብኝ» ብለው ወረቀቱን ከፍራሽ ሥር ይከቱትና ለቀናት ሰው ማናገር ይጠላሉ። ሐዘኑ ይገባኛል። ሆኖም ጉዳይዎን ዳኛ እንዲያየው የመጠየቅ መብት በአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ቻርተር አንቀጽ 47 ላይ ሰፍሯል። ብዙ ሰው ይህን መብት የሚያጣው የክስ ማቅረቢያው ቀን ስላለፈበት ነው።

መጀመሪያ ፖስታውን ራሱን ያስቀምጡ። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው፤ ጊዜው የሚቆጠረውም ደብዳቤው ላይ ከታተመው ቀን ሳይሆን ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። ወዲያውኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ፖስታው ሳጥንዎ ውስጥ ከገባ፣ ባይከፍቱትም እንደደረሰዎ ይቆጠራል። ካምፕ ውስጥ ከሆኑ ፖስታ የመጣላቸውን ሰዎች ዝርዝር በየቀኑ ይመልከቱ። አድራሻ ከቀየሩ ለባምፍም ለፍርድ ቤቱም ራስዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ደብዳቤው ወደ ድሮው ቤት ሄዶ ቢመለስ እንኳ ቀኑ መቆጠሩ አይቀርም።

ቀጥሎ በውሳኔው መጨረሻ ያለውን መመሪያ ያስነብቡ። በየትኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ በስንት ቀን ውስጥ ክስ ማቅረብ እንዳለብዎ የሚነግርዎ እሱ ነው። የተለመደው ሁለት ሳምንት ነው። ጥያቄዎ «በግልጽ መሠረት የለሽ» ከተባለ ወይም የጥገኝነት ጥያቄን የትኛው የአውሮፓ አገር እንደሚመረምር በሚወስነው የደብሊን ደንብ ወደ ሌላ አገር እንዲሄዱ ከተወሰነ ግን አንድ ሳምንት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ክሱ ብቻውን መባረርን አያስቆምም፤ አስቸኳይ እግድም አብሮ መጠየቅ አለበት።

ጠበቃ ሲያፈላልጉ ቀኑን አያሳልፉ። ካሪታስና ዲያኮኒ የተባሉት የአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅቶች እንዲሁም በየክፍለ ግዛቱ ያሉ የስደተኞች ምክር ቤቶች ምክር ይሰጣሉ። ቀጠሮ ካጡ ጀርመንኛ ከሚችል ሰው ጋር፣ ውሳኔውንና ፖስታውን ይዘው፣ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሂዱ። «ሬሽትስአንትራግሽቴለ» የሚባለውን ክፍል ይጠይቁ፤ ክስዎን እዚያው ይጽፉልዎታል። በጥገኝነት ጉዳይ የፍርድ ቤት ክፍያ የለም፤ ጠበቃም በኋላ ሊገባ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል። የውሳኔውን ምክንያት ከቃለ መጠይቁ ቃለ ጉባኤ ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። ለእኛ ትልቁ ወጥመድ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። አመልካቹ «በሰኔ 2012 ታሰርሁ» ይላል፤ አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ወረቀቱ ላይ የአውሮፓውያን 2012 ሆኖ ይሰፍራል። እውነቱ ግን 2020 ነበር። ውሳኔው ታዲያ «ከታሰረ በኋላ ስምንት ዓመት በአገሩ ኖሯል፤ ስለዚህ አያሰጋውም» ይላል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ ቤቱ የተፈተሸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሆነ በእነሱ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት መባል ነበረበት። አባትና ልጅ ደግሞ «የቤተሰብ ስማቸው» ስለሚለያይ ዝምድናቸው ያጠራጥራል። እያንዳንዱን ስሕተት ገጹን ጠቅሰው ያውጡ፤ ትክክለኛውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ።

ሳይነገር የቀረም ነገር ይኖራል። በወንድ አስተርጓሚ ፊት ስለ ደረሰባት መደፈር መናገር ያልቻለች እህት ይህንኑ፣ ዝም ያለችበትን ምክንያት ጨምራ፣ ለጠበቃዋ ወይም ለአማካሪዋ ትንገር። ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላለች። ዝምታዋ እንደ ውሸት ሊቆጠርባት አይገባም።

በችሎቱ ቀን ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ያቀርባል። ካልተግባባችሁ መጨረሻውን አይጠብቁ፤ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ለዳኛው ይናገሩና በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ።