የገባለት ጥይት ሁሉ ጥይቱ አይደለም

ጎንደር ውስጥ የአያት ሽጉጥ እንደ ርስት ሰነድ ከሣጥን ሥር ይቀመጣል። ኅዳር 1934 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እዚሁ እጁን ሲሰጥ የጣሊያን መሣሪያ ሁሉ መጋዘን አልገባም። ለጥገና ወደ እኔ የሚመጣው በአብዛኛው የጣሊያኑ ቤሬታ፣ አንዳንዴ ሌላው የጣሊያን ሽጉጥ ግሊሴንቲ፣ አልፎ አልፎም የጀርመኑ ማውዘር ነው።

«ገባለት እኮ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ባለፈው ክረምት ከአዘዞ የመጣ ወጣት የ1910 ሞዴል ግሊሴንቲ ከአንድ እፍኝ 9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ጥይት ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። «ጋሼ፣ ልክ ገባለት እኮ!» አዎ፣ ይገባል። ሁለቱ ጥይቶች በመጠን አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ግሊሴንቲ ግን የተሠራው ባሩዱ ለቀነሰ ለራሱ ጥይት ነው፤ ግራ ጎኑን የሚሸፍነው እንኳ በብሎን የተያዘ ክዳን ነው። ፓራቤለም ካጎረሱት ከአቅሙ በላይ ይመታል፤ ብረቱ የተሰነጠቀ ቀን ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለው የተኳሹ ዓይን ነው። ልጁን አስቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቆጣሁት፤ ብወደው ነው።

ማውዘርም እንዲሁ ነው። 7.63 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩሰው የ1896ቱ ሞዴል የሩሲያውን ሽጉጥ የቶካሬቭን 7.62 ጥይት ይቀበላል፤ ብዙው የቶካሬቭ ጥይት ግን ከእርሱ የበረታ ነው። እጀታው ላይ ትልቅ ቀይ 9 ከተቀረጸበት ደግሞ የሚጎርሰው ፓራቤለም ነው። ቤሬታው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ «9 ኮርቶ» ማለት አጭሩ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። አጠገቡ ያለው 1934 የሞዴሉ ስም ነው፤ የተማረከበት ዓመት ነው እያሉ የተከራከሩኝ አሉ።

ሁለተኛው ስህተት የእኔም ነው። ሽጉጥ ሲራገፍ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ከዚያ የላዩ ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወድቃል፤ ከዚያ በዓይንም በጣትም ይታያል። እኔ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ብረቱን ሳብኩ፣ አንዷ ጥይት ወደቀች፣ ሽጉጡ ከካዝናው ሌላ ጎረሰ፤ ካዝናውን አወጣሁና ባዶ ነው ብዬ ምላጩን ሳብኩ። የግድግዳውን ቀዳዳ እስከ ዛሬ እንዳልደፍነው የከለከለችኝ ባለቤቴ ናት።

መቆለፊያን አትመኑ። የቤሬታው ምላጩን ብቻ ይይዛል፣ መዶሻውን አይዝም፤ የጥንቱ ቶካሬቭ ጭራሹን የለውም።

ለዘመናት ያልተኮሰ ሽጉጥ ላይ ካዝና ሙሉ ጥይት አይሞላም። የውስጥ ሞላው (ስፕሪንጉ) እና በርሜሉ በባለሙያ ከታዩ በኋላ በአንድ ጥይት፣ ከዚያም በሁለት ይሞከራል። የውስጥ ብረቱ ያለቀ ሽጉጥ ምላጩ አንዴ ተስቦ ሁለቴ ሊተኩስ ይችላልና።

ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ራስ አዙሮ ማየት! ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ አሮጌ ጥይት ዘግይቶ ይፈነዳል። ድምፁ ከወትሮው ደክሞ ከተሰማችሁ ደግሞ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ጥይት ከተከተለው በርሜሉ ይፈነዳል።

ለሠርግም ለለቅሶም ወደ ሰማይ አይተኮስም። ያለ ፈቃድ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስጠይቃል።

የድሮ ጥይት ከተኮሳችሁ ማጽዳቱን ለነገ አታሳድሩ። የጥይቱ መለኮሻ የሚተወው ጨው እርጥበት እየሳበ በርሜሉን ይበላል፤ ጨውን ደግሞ ዘይት ብቻውን አያነሣውም። በርሜሉን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፤ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይቀባል።