የነዳጅ ዋጋና የአገር ቤት ውል፦ በቴክሳስና በሌሎች የነዳጅ አካባቢዎች ለሚኖሩ ወገኖች የተዘጋጀ መመሪያ

በሂዩስተን፣ በዳላስ፣ በሚድላንድ ወይም በኦዴሳ እየኖሩ አዲስ አበባ ላለ አፓርታማ በየዙሩ የሚከፍሉ፣ በክልል ከተማ ቤት የሚያሠሩ ወይም ወላጆችዎን የሚጦሩ ከሆነ፣ ገቢዎ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ጋር ተያይዟል። ይህ ዋጋ በወራት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ የአገር ቤቱ የክፍያ ቀን ግን እንደተጻፈ ይቆያል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ምክር አገር ቤት የሚገቡትን ማንኛውንም የረጅም ጊዜ ግዴታ ነዳጅ በረከሰበት ዓመት በሚያገኙት ገቢ ልክ እንዲወስኑ ነው። በካናዳ አልበርታ፣ ማለትም በካልጋሪና በኤድመንተን ለሚኖሩም አብዛኛው ይሠራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የታሰረ በመሆኑ ጉዳዩ የራሱ ጽሑፍ ያስፈልገዋልና እዚህ አልገባበትም።

ቴክሳስ ይህን ትምህርት ያገኘችው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የነዳጅ ዋጋ ከግማሽ በታች ሲወርድ የቤትና የሕንፃ ዋጋ አብሮ ወደቀ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ከግዛቲቱ 10 ትልልቅ ባንኮች 9ኙ ወይ ከሰሩ ወይ በሌሎች ተጠቀለሉ። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በፌብሩዋሪ 2016 ወደ 26 ዶላር ዝቅ ሲል ሂዩስተን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ከነዳጅ ጋር የተያያዙ የሥራ ቦታዎችን አጣች። በኤፕሪል 20 ቀን 2020 ደግሞ የአሜሪካ ድፍድፍ የወደፊት ግብይት ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ሆኖ ተዘጋ፤ ሻጩ ለገዢው የሚከፍልበት ቀን ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግስት፣ ያው በርሜል ከ120 ዶላር በላይ ተሸጠ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር የሆነው ኦፔክና አጋሮቹ ከኤፕሪል ጀምሮ ምርታቸውን ደረጃ በደረጃ መጨመር ያዙ። በዚያው ወር የአሜሪካ ድፍድፍ ከ2021 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ60 ዶላር በታች ወረደ። የዳላስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በየሩብ ዓመቱ የነዳጅ ኩባንያ ኃላፊዎችን የሚጠይቅበት ጥናት አለው። በ2025 መጀመሪያ የተጠየቁት ኩባንያዎች አዲስ ጉድጓድ በትርፍ ለመቆፈር በአማካይ 65 ዶላር ገደማ እንደሚያስፈልጋቸው፣ የተቆፈረውን ለማስቀጠል ግን ወደ 40 ዶላር እንደሚበቃቸው ተናግረዋል። ለእኛ በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከማንኛውም የኢኮኖሚ ትንበያ ይበልጥ ጠቃሚ ነው። ዋጋው በ40 እና በ65 መካከል ሲሆን ነዳጁ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ዜናውም ምርት አልቀነሰም ይላል። የሚቆመው ቁፋሮው ነው። አሸዋና ውኃ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ሾፌር፣ በሚድላንድ ሆቴል የሚሠራው፣ ለቁፋሮ ቡድኖች ምግብ የሚያቀርበው ሁሉ የሚኖረው ደግሞ በቁፋሮው ነው።

ለዚህም ነው በ2024 አሜሪካ በቀን ከ13 ሚሊዮን በርሜል በላይ አውጥታ ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ በዘርፉ የተቀጠረው ሰው ቁጥር ከ2014 ያነሰው። ቴክኖሎጂውና የኩባንያዎች መዋሐድ ብዙ እጅ የሚፈልገውን ሥራ አሳንሰውታል። ሼቭሮን በ2025 መጀመሪያ እስከ 2026 መጨረሻ ድረስ ከሠራተኞቹ ከ15 እስከ 20 በመቶውን እንደሚቀንስ፣ ኮኖኮፊሊፕስም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ከ20 እስከ 25 በመቶውን እንደሚያሰናብት ይፋ አድርገዋል። የተፈጥሮ ጋዙ መልክ ከዚህ ይሻላል፤ በቴክሳስና በሉዊዚያና የባሕር ዳርቻ ጋዝ አቀዝቅዞ ፈሳሽ በማድረግ ወደ ውጭ የሚልኩ ትልልቅ ተቋማት እየተገነቡ ነው፤ የመረጃ ማዕከላት መስፋፋትም የግዛቲቱን የኤሌክትሪክ ፍላጎት እየገፋው ነው። በእኔ ግምት በመጪዎቹ ዓመታት የሥራ ተስፋው ሚድላንድና ኦዴሳ ካሉበት ከፐርሚያን በረሃ ይልቅ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ያዘነብላል። ይሁንና የግንባታ ሥራ ግንባታው ሲያልቅ የሚያልቅ መሆኑን መዘንጋት አያስፈልግም።

የግዛቲቱ መንግሥት ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ አስቀምጧል። ከነዳጅ ምርት 4.6 በመቶ፣ ከጋዝ ምርት 7.5 በመቶ ከሚሰበስበው ግብር ከፊሉ የሚገባበት የመጠባበቂያ ፈንድ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይዟል። ይህ ግን የግዛቲቱ በጀት እንዳይናጋ የሚያግዝ እንጂ የእርስዎን የቤት ክፍያ የሚሸፍን አይደለም። በቴክሳስ የሥራ አጥ አበል ቢበዛ ለ26 ሳምንታት ይከፈላል፤ በኡበርና በመሰል መተግበሪያዎች የሚሠራ ሾፌር፣ እንዲሁም በራሱ መኪና ጭነት የሚያመላልስ ሰው፣ እንደ ተቀጣሪ ስለማይቆጠር በአብዛኛው አያገኘውም።

ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አይጎዳም። በቁፋሮ ቦታ የሚሠራ ሰው የዋጋውን መውረድ በሳምንታት ውስጥ በኦቨርታይም መቅረት ያውቀዋል። በሂዩስተን የኩባንያ ቢሮዎች በሒሳብ ወይም በኮምፒውተር ሙያ የሚሠራው የሚነካው ኩባንያው የቀጣዩን ዓመት በጀት ሲቆርጥ ነው። የአየር ማረፊያ ታክሲና የሆቴል ሠራተኛው የንግድ መንገደኛ ሲቀንስ ይሰማዋል። ነርሶችና የሕክምና ረዳቶች ከሁሉ ያነሰ ይጎዳሉ። ዳላስ የባንክ፣ የኢንሹራንስ፣ የመጓጓዣና የቴክኖሎጂ ከተማ በመሆኗ ከሂዩስተን ይልቅ ትችለዋለች፤ ሚድላንድና ኦዴሳ ግን ከዋጋው ጋር አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ባልና ሚስት ሁለቱም በነዳጅ ዙሪያ የሚሠሩ ከሆነ እንደ አንድ ገቢ መቁጠሩ ይበጃል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንለፍ። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ቤንዚንና ናፍጣ በሙሉ ከውጭ ታስገባለች። ስለዚህ ብዙዎች የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ፦ ነዳጅ ሲረክስ የቴክሳስ ገቢያችን ቢቀንስም አገር ቤት ኑሮ ስለሚረክስ ይካካሳል ይላሉ። ነገሩ በተግባር እንዲህ አይሆንም። የአገር ውስጥ ዋጋን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሣ ስለመጣም የዓለም ዋጋ ሲወርድ የማደያው ዋጋ አብሮ አይወርድም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገዛው ነዳጅ በብር ሲሰላ ተወደደ፤ በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚንም ከ100 ብር በላይ ሆነ። የዓለም ዋጋ ሲወጣ ግን ጭማሪው በታክሲው፣ በጤፉና በሲሚንቶው ላይ ሳይዘገይ ይታያል። ስለሆነም ከቤተሰብ የሚመጣው ጥያቄ በጥሩ ጊዜም በክፉ ጊዜም የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ እንደማይሆን አድርገው ያቅዱ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሪኩን ጎን ያጠናክራል፤ የጭነት መኪናው ግን ገና በናፍጣ ነው። ለቤተሰብ መኪና ለመላክ ያሰበ ሰው ካለ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስቀድሞ ይወቅ።

የብሩ መዳከም ዶላር ለሚልክ ሰው ጥቅም ይመስላል፤ ቋሚ የብር ዋጋ ባለው ውል ላይም በእርግጥ ጥቅም ነው። ችግሩ ብዙ የሪል እስቴት ውሎች ወይ ዋጋቸው ከዶላር ጋር ታስሮ ወይ የግንባታ ዕቃ ሲወደድ የሚስተካከልበት አንቀጽ ገብቶባቸው መዘጋጀታቸው ነው። ከመፈረምዎ በፊት ይህን አንቀጽ ይፈልጉ። ከዚያም ክፍያ ቢዘገይ ስንት ቀን እንደሚታገሡዎት፣ ውሉ ቢፈርስ ከከፈሉት ላይ ምን ያህል እንደሚቆረጥ፣ ውሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ መፈቀድ አለመፈቀዱንና ለማስተላለፊያው የሚጠየቀውን ክፍያ ያረጋግጡ። የማስተላለፍ መብት ያለው ውል በትንሽ ዋጋ ቢወደድ እንኳ በነዳጅ አካባቢ ለሚኖር ሰው የተሻለ ነው፤ ሥራ በጠፋ ጊዜ መውጫ በር የሚሆነው እሱ ነው።

የመክፈል አቅምን ለመለካት የግብር ሰነዶችዎን ያውጡ። በቅርብ ዓመታት ካሉት ዝቅተኛውን ገቢ ይውሰዱ፤ ያኔ በቴክሳስ ይሠሩ ከነበረ የ2020 ሰነድ ጥሩ ማሳያ ነው። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ወይም ሞርጌጅ፣ ኢንሹራንስ፣ የመኪናና የልጆች ወጪ ሲቀነስ ከሚተርፈው ውስጥ ለአገር ቤት ቋሚ ግዴታ ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንዲያስሩ አልመክርም። ዕቁብ እንደ ቋሚ ግዴታ ይቆጠር፤ ዕጣ ከወጣልዎት በኋላ ደግሞ ዕዳ ነውና በደንብ ይቆጠር። በጥሩ ዓመት የሚገኘውን ትርፍ ውል ላይ ከማሰር ይልቅ ለቀጣዩ ዙር ክፍያ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ከቁፋሮ ጋር በቀጥታ ለሚሠራ ሰው የአንድ ዓመት፣ ለሌላው የስድስት ወር ክፍያ ተጠባባቂ ቢኖር በቂ ነው እላለሁ። ገንዘቡን በዶላር ማቆየት ብልህነት ነው። አሜሪካ ባለ ሂሳብ ሊሆን ይችላል፤ በኢትዮጵያ ባንኮች በሚከፈት የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብም ሊሆን ይችላል። ሁሉንም አስቀድሞ ወደ ብር መለወጥ ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሰው አስከስሯል።

እዚህ ላይ ስለ ብድር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ዋና ወለዱን በዲሴምበር 2025 ከ3.50 እስከ 3.75 በመቶ አውርዶታል፤ ወለድ ሲወርድ የሂዩስተን ቤታቸውን አስይዘው በተበደሩት ገንዘብ አዲስ አበባ የሚገዙ ሰዎች ይበዛሉ። የቴክሳስ ሕግ መኖሪያ ቤትን አስይዞ እንዲህ ያለ ብድር ሲወሰድ በቤቱ ላይ ያለው ጠቅላላ ብድር ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ይህ ገደብ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ነዳጅ ሲወርድ ሥራውም የቤቱም ዋጋ በአንድ ጊዜ ሊቀንስ ይችላልና፣ ልጆችዎ የሚያድሩበትን ቤት ገና ላልተጠናቀቀ አፓርታማ ማስያዝ ተገቢ አይመስለኝም።

ገንዘብ ሲልኩ መንገዱንም ይምረጡ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም ባንኩ ራሱ በሚያወጣው ቼክ (ካሺየርስ ቼክ) ተከፍሎ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ የ1 በመቶ ግብር ተጥሏል። ከአሜሪካ ባንክ ሂሳብ ወይም አሜሪካ ውስጥ በተሰጠ ካርድ የሚላከው ግን ነፃ ነው። ጥሬ ገንዘብ ይዘው ወደ ሱቅ የሚሄዱ አረጋውያን ካሉ ይህን ማስረዳት የልጆች ድርሻ ነው። በባንክ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ አለው፤ ከሪል እስቴቱ ጋር ክርክር ቢነሣ የሚያገለግለውም ያ ደረሰኝ ነው።

ሥራ ሲጠብ ሄዶ ጉዳይን ራስ መፈጸም አይቻልምና ውክልናውን በደህናው ጊዜ ያዘጋጁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራን ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መክፈልና የመሳሰሉት በዚህ ይካተታሉ። በቁጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ በክፉ ጊዜ አፓርታማውን የሚሸጥልዎ ወይም ውሉን የሚያስተላልፍልዎ ሰው ከፈለጉ፣ ንብረቱንና ድርጊቱን ለይቶ የሚጠቅስ ሰነድ ያሠሩ። ከአሜሪካ የሚላከው ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል፤ ሳምንታት የሚወስድ ሂደት ነው። የመሸጥ ሥልጣንና ገንዘቡን የመቀበል ሥልጣን ለአንድ ሰው ባይሰጡ፣ ገንዘቡም በቀጥታ በስምዎ ወዳለ ሂሳብ እንዲገባ በሰነዱ ላይ ቢጻፍ ብዙ የቤተሰብ ጠብ ይቀራል።

የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆኑ፣ ከአገር ቤት የሚያገኙት ኪራይ በአሜሪካም ለግብር መታወቅ ያለበት ገቢ ነው። በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን በውጭ ባንኮች ያለዎት ጠቅላላ ገንዘብ ከ10,000 ዶላር ካለፈም ለአሜሪካ ግምጃ ቤት በየዓመቱ የሚቀርብ የሂሳብ ማስታወቂያ አለ፤ ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 15 ሲሆን ሳይጠየቅ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። ከላይ የመከርኩት የዳያስፖራ ሂሳብም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል።