ቲቲካካ ሀይቅ ደሴት ላይ ከቤተሰብ ጋር ለማደር ለምታስቡ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ፔሩ ሄዶ ማቹ ፒቹን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ሳይ በጣም ነው የሚቆጨኝ፣ ምክንያቱም ከኩስኮ በአውቶቡስ ስድስት ሰባት ሰዓት ብቻ ቢጨምር ቲቲካካ ይደርስ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያው ተበላሽቶብኝ ሁለተኛው ነው በደንብ የተሳካልኝ፣ ስለዚህ የምነግራችሁ ሁለቱንም አይቼ ነው።

ቲቲካካ ፔሩና ቦሊቪያ የሚካፈሉት ሀይቅ ነው፣ ከባህር ጠለል በላይ 3,812 ሜትር ላይ። ይሄ ቁጥር ለኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እንዲገባችሁ፣ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ነች፣ ጣና ደግሞ 1,800 አይሞላም። ጣናን አንስታችሁ እንጦጦ ጫፍ ላይ ብታስቀምጡት እንኳን ገና ቲቲካካ አልደረሰም። ስፋቱ ደግሞ ከ8,000 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ነው፣ ከጣና ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

እና መጀመሪያ የከፍታውን ነገር እንጨርስ፣ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ሌላውን ሁሉ ያጣዋልና። የመጀመሪያ ጊዜ ከሊማ በቀጥታ ለሀይቁ ቅርብ የሆነ ኤርፖርት ወዳለባት ሁሊያካ በረርኩ፣ ሊማ ውቅያኖስ ዳር ነች፣ ሁሊያካ ኤርፖርት ከ3,800 ሜትር በላይ ነው፣ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ያን ሁሉ ወጣሁ ማለት ነው፣ የጉዞ ወኪሉ ደግሞ ችግር የለውም ብሎኝ በማግስቱ ጠዋት ጀልባ ላይ አስገባኝ። ማታውን ደሴቱ ላይ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ አስመለሰኝ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፣ የቤቱ እናት ሌሊቱን ሙሉ ሻይ እያፈሉ አጠገቤ ቁጭ ብለው አደሩ፣ እኔን ከህመሙ በላይ ያሳቀቀኝ እሳቸው በማግስቱ እንቅልፍ ሳያገኙ እርሻ መውረዳቸው ነበር።

የደጋ ሰው ነኝ አይነካኝም ብላችሁ እንዳትታለሉ። የሰሜን ተራራ ነዋሪዎች ላይ በተሰራ ጥናት ሂሞግሎቢናቸው (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል፣ የአንዲስ ሰዎች (የነፔሩና ቦሊቪያ ተራራ ነዋሪዎች) ደግሞ ሂሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፣ ሁለቱም ህዝብ በየራሱ መንገድ ነው ከፍታውን የቻለው፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ሜሪላንድ ወይ ዱባይ አስር አመት የኖረ ሰው፣ ሀዋሳ ወይ ድሬዳዋ ያደገም ቢሆን፣ በዚህ መተማመን አይችልም።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ቀስ ብሎ መውጣት። ከሊማ አሬኪፓ ሂዱ፣ አሬኪፓ 2,335 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል በሉት፣ ሰውነታችሁም አየሩን የሚያውቀው ነው የሚመስለው። እዛ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዛ ወደ ፑኖ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፣ መንገዱ መሀል ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ትንሽ ራሳችሁን ቢከብዳችሁ አትደንግጡ። ፑኖ ሀይቁ ዳር ያለችው ከተማ ነች፣ እዛም ሁለት ሌሊት፣ አልኮል የለም፣ ውሃ በብዛት፣ እራት ቀለል ያለ፣ ዳገት ላይ መሮጥ የለም። ከኩስኮ የምትመጡ ከሆነ ኩስኮ ራሷ 3,400 ሜትር ስለሆነች ብዙውን ስራ ሰርታላችኋለች። ዲያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ህመም መከላከያ ክኒን ከፈለጋችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ሀኪም አማክሩ፣ በተለይ የሰልፋ መድሀኒት አለርጂ ያለባችሁ።

ይሄን ሁሉ የማጠብቀው በምክንያት ነው፣ ተራራ ላይ ቢያማችሁ ትወርዳላችሁ፣ ደሴት ላይ ግን መውረጃ የለም። በየት በኩል ብትቀዝፉ ዳርቻው ያው 3,800 ሜትር ነው፣ ሆስፒታሉ ደግሞ በጀልባ ሰዓታት ርቆ ፑኖ ነው። ስለዚህ ፑኖ ላይ ራስ ምታቱ ካልተሻላችሁ ጀልባ አትሳፈሩ፣ ቀኑን ግፉት። ቁጭ ባላችሁበት ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሳል ከጀመራችሁ ወይ እንደሰከረ ሰው ካንገዳገዳችሁ ደግሞ ጉዞውን ትታችሁ ሀኪም ጋ ሂዱ፣ ወደ ዝቅታ መውረድ አለባችሁ።

የኮካ ቅጠል (ኮኬይን የሚወጣበት ተክል) ሻይ በየቦታው ይሰጧችኋል፣ እዛ ህጋዊ ነው፣ የዘመናት ባህላቸው ነው፣ ክፉ ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ግን ስራ ቦታችሁ የዕፅ ምርመራ የሚያደርግ ከሆነ ሻዩ ብቻ ራሱ ፖዘቲቭ ሊያወጣችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ሙኛ ጠይቁ፣ ከጦስኝና ከናና መሀል ያለ ሽታ ያለው የተራራ ቅጠል ነው፣ ለሆድም ደህና ነው። የኮካ ቅጠል ደግሞ ለማስታወሻ ብላችሁ አንድ ፍሬ እንኳን ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ አሜሪካም ሆነ ገልፍ ስትገቡ ትልቅ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ደሴቶቹ። ከፑኖ ወደብ ስትነሱ መጀመሪያ የምታገኙት ኡሮስ ነው፣ ቶቶራ ከሚባል ሸምበቆ የተሰሩ ተንሳፋፊ ደሴቶች። የሸምበቆውን ስር በመጋዝ በትልልቁ እየቆረጡ ያስሩታል፣ በባህር ዛፍ እንጨት ይቸክሉታል፣ ከላይ ሸምበቆ ይነጠፍበታል፣ ከስር እየበሰበሰ ስለሚሄድ በየጊዜው ከላይ ይጨምራሉ። ስትረግጡት ፍራሽ ላይ እንደመራመድ ነው። የጣናን ታንኳ የሚያውቅ ሰው የሸምበቆ ጀልባቸውን ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ደግሞ እውነተኛ ግንኙነት አለው፣ ቶር ሄየርዳል የሚባለው ኖርዌጂያዊ በ1970 አትላንቲክን ያቋረጠባት ራ ሁለት የምትባለው ጀልባ የተሰራችው ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል ነው፣ የሰሯት ደግሞ ከቲቲካካ የቦሊቪያ ወገን የመጡ የአይማራ ጀልባ ሰሪዎች ናቸው። የኛ ደንገልና የነሱ እጅ ተገናኝተው ከሞሮኮ ባርቤዶስ በ57 ቀን ደረሱ። ይሄን ለአንድ የኡሮስ ሽማግሌ በተሰባበረ ስፓኒሽ ስነግራቸው እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ኡሮስ ላይም ማደር ይቻላል፣ ግን ለፑኖ ስለሚቀርብ የቱሪስት ጀልባ ይበዛበታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አማንታኒ ነው የምለው። አማንታኒ ከፑኖ በቀስታ ጀልባ ሶስት አራት ሰዓት ነው፣ መኪና የለም፣ ሰዉ ኬችዋ ነው የሚናገረው፣ ድንች፣ ኪኑዋ የሚባል እህልና ባቄላ ያርሳል፣ የሚያሳድሯችሁ ራሳቸው ገበሬዎቹ ናቸው፣ ቤተሰቦቹም እንግዳ በተራ ነው የሚቀበሉት። ታኪሌ አጠገቡ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ወንዶቹ ኮፍያ እየሰሩ መንገድ ላይ ሲሄዱ ታያላችሁ፣ ሙሉ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ያገባ ነው፣ ጫፉ ነጭ የሆነው ላጤ። ዩኔስኮ የሽመና ጥበባቸውን በ2005 እውቅና ሰጥቶታል። ሽሮ ሜዳ ወይ ዶርዜ የሸማኔ ቤት ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ወንድ ልጅ በክር ስራ ሲከበር ማየት አዲስ አይደለም፣ ግን ልብ ይሞላል። የተለመደው አካሄድ ኡሮስን እግረ መንገድ አይቶ አማንታኒ ማደር፣ በማግስቱ ታኪሌ ላይ ምሳ በልቶ ወደ ፑኖ መመለስ ነው። ጊዜ ካላችሁ ግን አማንታኒ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ አንድ ሌሊት ስም ለመያዝ እንኳን አይበቃም።

እንዴት እንደምትይዙት ደግሞ በጣም አስቡበት፣ ለኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ፑኖ ውስጥ በየመንገዱ የሁለት ቀን ፓኬጅ የሚሸጥ ወኪል አለ፣ ርካሽ ነው፣ ግን ርካሽ የሆነው ከማን ጉሮሮ ተቀንሶ ነው? ሶስቴ ያበሰለችላችሁ፣ አልጋ ያነጠፈችላችሁ ሴት እጅ የሚደርሰው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወኪል ከያዛችሁ "ኩዋንቶ ሬሲቤ ላ ፋሚሊያ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ለቤተሰቡ ስንት ይደርሳል ማለት ነው፣ መልሱን የሚያድበሰብስ ከሆነ ሌላ ጋ ሂዱ። ከዛ የሚሻለው ግን ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ (እዛ 8 ነው የሚሉት) ፑኖ ወደብ ሄዶ የደሴቱ ሰዎች ራሳቸው የሚነዱትን ጀልባ መሳፈር ነው፣ ቲኬቱን እዛው ትቆርጣላችሁ፣ ስትደርሱ ከወደቡ አንድ ቤተሰብ ይወስዳችኋል፣ የአዳሩንና የምግቡን ሂሳብ ለቤቱ እናት በእጃችሁ ትሰጣላችሁ። ዋጋውን ገና ስትገቡ ተነጋገሩና ጨርሱት፣ ከዛ በኋላ አትከራከሩ። ካርድ የሚባል ነገር አይሰራም፣ ሶል (የፔሩ ብር ነው) በዝርዝር ያዙ።

ባዶ እጅ አትግቡ፣ ይሄን ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም። ግን ከረሜላ ለልጆች ማደል ይቅርባችሁ፣ ልጆቹን እየሮጡ ቱሪስት የሚጠብቁ ያደርጋቸዋል። ከመሳፈራችሁ በፊት ፑኖ ገበያ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይትና ፍራፍሬ ግዙ፣ በዛ ከፍታ ብርቱካንና ሙዝ ስለማይበቅል ፍራፍሬው በጣም ነው የሚያስደስታቸው። ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ከሆነም ለእናትየው ስጡ፣ እሷ ታድል።

ቤት ስትገቡ ትልልቆቹን ሴቶች "ማማይ" ወንዶቹን "ታይታይ" በሉ፣ እናቴ አባቴ ማለት ነው፣ የኛ እማማና አባባ እንደማለት። "አሊያንቹ" ሰላምታ ነው፣ መልሱ "አሊያንሚ"። እነዚህን አራት ቃላት የያዘ ሰውና ዝም ብሎ የገባ ሰው የሚቀበሉት ፊት አንድ አይደለም። ሬስቶራንት እንደገባ ሰው ክፍላችሁ ሆናችሁ አትጠብቁ፣ ማእድ ቤት ገብታችሁ ድንች ልጡ፣ መጀመሪያ እምቢ ይላሉ፣ ሁለተኛ ስትጠይቁ ቢላውን ይሰጧችኋል፣ ከዛ በኋላ ነው ወሬው የሚጀምረው።

ምግቡ የኪኑዋ ሾርባ፣ የተለያየ ቀለም ያለው ድንች፣ ኦካ የሚባል ጣፋጭ ስራስር፣ የተጠበሰ አይብ፣ እንቁላል ነው፣ ስጋ እምብዛም የለም። ፆም ላይ ከሆናችሁ በጣም ይመቻል፣ "ሲን ኬሶ፣ ሲን ዌቮ፣ ሲን ሌቼ" በሉ፣ ያለ አይብ ያለ እንቁላል ያለ ወተት ማለት ነው፣ ግን ጠዋት ስትደርሱ ነው መናገር ያለባችሁ፣ እራት ከቀረበ በኋላ ሳህን መመለስ እዛም ነውር ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ እህቴ ጀበናና ሲኒ በልብስ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ጥሬ ቡና አትያዙ፣ ጥሬ ዘር ድንበር ላይ ያስቸግራችኋል፣ ተቆልቶ የተፈጨና የታሸገ ያዙ፣ ስትገቡም ዲክሌር አድርጉ። ውሃ እዛ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቡናው ቶሎ ገነፈለ ብላችሁ አታውርዱት፣ ትንሽ ያዙት። የቤቱ እናት ሶስተኛው ድረስ ጠጡ፣ በረካ ምን ማለት እንደሆነ በልጃቸው በኩል ስናስተረጉምላቸው ተነስተው የሙኛ ቅጠል አመጡና ጀበናው አጠገብ አስቀመጡት።

ማታ ከመምሸቱ በፊት ፓቻታታ ወይ ፓቻማማ ከሚባሉት ሁለት ኮረብታዎች አንዱ ላይ ትወጣላችሁ፣ አባት ምድርና እናት ምድር ማለት ነው፣ ጫፋቸው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ቀስ በሉ። ላይ ያሉት የድንጋይ ቤተመቅደሶች የሚከበሩት ጃንዋሪ 20 ነው፣ ህዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ወደሁለቱም ይወጣል፣ ከየወገኑ የተመረጡ ይሽቀዳደማሉ፣ ፓቻማማ ካሸነፈች አዝመራው ጥሩ ይሆናል ይላሉ። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከኛ የቃና ዘገሊላ ሚካኤል ጋር መግጠሙ ለኔ ልዩ ነገር ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ ከጁን እስከ ኦገስት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ግን ሌሊቱ ውሃ ያረጋል፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች ዝናብ ነው። ቀን ላይ ፀሀዩ ቆዳ ስለሚልጥ ሰንስክሪን፣ ማታ ወፍራም ሹራብና ካልሲ፣ ሽንት ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ውጪ ስለሆነ የግንባር ባትሪ። ሻወር አትጠብቁ። መብራቱ ሶላር ስለሆነ ስልካችሁን በፓወር ባንክ ቻርጅ አድርጉ፣ የነሱን አትጨርሱባቸው። ፕላስቲክ ቆሻሻችሁን በሙሉ ይዛችሁ ተመለሱ፣ ደሴቱ ላይ የሚጣልበት የለም።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ካነሳችሁ ደግሞ ፑኖ ስትመለሱ በዛው ቀን ፎቶ ቤት ገብታችሁ አሳትሙት። ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ የቤተሰቡንና የመንደሩን ስም ፃፉበት፣ በማግስቱ ጠዋት ወደብ ሂዱና ለአማንታኒ ጀልባ ነጂ ስጡት። እሱ የደሴቱ ልጅ ስለሆነ ሁሉንም ያውቃል፣ በዛኑ ቀን እጃቸው ይገባል።