ከፖስተሩ በፊት ደብተሩን እዩ

የተማሪዎች የሳይንስ አውደ ርዕይ ላይ ዳኛ ሆናችሁ ከተጋበዛችሁ፣ መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚስበው ያማረው ፖስተር ነው። እሱን ለጊዜው ተዉትና ተማሪው የሥራ ማስታወሻውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ቀን የተጻፈበት፣ የተሰረዘ ቁጥር ያለበት፣ ያልተሳካ ሙከራ ጭምር የሰፈረበት ደብተር ስለ ልጁ ልፋት ብዙ ይናገራል።

ቀጥሎ “ስንት ጊዜ ደጋገምከው?” በሉት። አንድ ባቄላ ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ጥላ ውስጥ አብቅሎ ከሆነ፣ ልዩነቱ የመጣው ከብርሃኑ ይሁን ከዘሩ ማወቅ አይቻልም። በየቦታው 5 ወይም 10 ዘር ተክሎ፣ አፈሩንና የውሃውን መጠን እኩል አድርጎ ከሆነ ግን ውጤቱ ክብደት ይኖረዋል። ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ፕሮጀክቶችን ይለይላችኋል።

መላምቱ ስላልተሳካ ነጥብ አትቀንሱ፤ እባካችሁ። “ያሰብኩት አልሆነም፣ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል” የምትል ልጅ ሳይንስ ገብቷታል። እኔ ከፍ ያለ ነጥብ የምሰጠው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ፕሮጀክቶች ነጥብ በእርሳስ ጻፉ። ያኔ ሚዛናችሁ ገና አልረጋም። ሁሉንም አይታችሁ ስትጨርሱ ተመልሳችሁ አስተካክሉ።

ልጁ ፈርቶ ዝም ካለስ? ውጤቱን አትጠይቁት። “ስትሠራው በጣም ያስገረመህ ምን ነበር?” በሉትና ትንሽ ታገሱ። አብዛኛውን ጊዜ አፉ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው።