በአሜሪካ የገበሬ ጨረታ ላይ በግ፣ ትራክተርና የቤት ዕቃ እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይሸጣል?

ፋሲካ ሲቃረብ በዲሲና በአካባቢዋ ባለን ሐበሾች ስልክ ላይ አንድ ጥያቄ ይዞራል። «ዘንድሮ በጉ ከየት ነው?» አንዳንዱ ለሥጋ ቤቱ አስቀድሞ ያዝዛል። አንዳንዱ የሚያውቀው ገበሬ አለው። ጥቂቱ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ወደ ፔንሲልቬንያ ይነዳል።

ላንካስተር ካውንቲ ከዲሲ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። በሃይማኖታቸው ምክንያት መኪና ትተው በፈረስ ጋሪ የሚሄዱት የአሚሾች ሰፈር ነው። እዚያ ኒው ሆላንድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ሰኞ ሰኞ በግና ፍየል በጨረታ ይሸጥባታል። በየገጠሩ ደግሞ ሌሎች ትናንሽ ጨረታዎች አሉ። እኔን ያለመዱኝ አንድ የሰፈራችን ጋሼ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ የእሳቸው ምክር ነው። ግማሹን እኔ ከፍዬ ተማርኩት።

አንድ፦ የመጀመሪያውን ቀን ኪሳችሁን ዘግታችሁ ተቀመጡ

ጨረታ ሲባል ከአገር ቤት ትዝ የሚለን የታሸገ ፖስታ፣ ሲፒኦና የጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። ይሄኛው በአፍ የሚካሄድ ሐራጅ ነው። እንደ ትንሽ ስታዲየም የተደረደረ አግዳሚ አለ። መሀል ላይ ሰጋቱራ የተነሰነሰበት መድረክ አለ። እንስሳው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ገብቶ እስኪወጣ አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

አጫራቹ ማይክሮፎን ይዞ ይለፈልፋል። መጀመሪያ ስትሰሙት እንግሊዝኛ አይመስላችሁም። ቃሉን ለመያዝ አትድከሙ፣ አብዛኛው ማሟያ ነው። ቁጥሩን ብቻ ስሙ። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ይፈራረቃል። ትንሹ አሁን የተሰጠው ዋጋ ነው። ትልቁ እሱ የሚጠይቀው ነው። እጃችሁን ካነሳችሁ ትልቁን ተቀብላችኋል።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ። በአንድ የገጠር ጨረታ አራት ፍየሎች አንድ ላይ ገቡ። ዋጋው 150፣ 155 እያለ ሄደ። አራት ፍየል በዚህ ዋጋ! ከሰማይ የወረደ መሰለኝ። ካርዴን አነሳሁ። ጋሼ እጅጌዬን ሲጎትቱኝ አጫራቹ በ165 ዘግቶ ቁጥሬን ጠርቶ ነበር። ሳቁ። «ልጄ፣ የአንዷ እኮ ነው» አሉኝ። 165 ለአንድ ራስ፣ ሲባዛ በአራት፣ 660 ዶላር። ሁለት ልገዛ የሄድኩ ሰውዬ የአራት ፍየል ጌታ ሆኜ ተመለስኩ።

ይሄ ማታለል አይደለም፣ ደንቡ ነው። በቡድን የገባ እንስሳ በአብዛኛው የሚጠራው የአንዱ ዋጋ ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ምርጫ» ይባላል፤ ያሸነፈው ከቡድኑ የፈለገውን ያህል በዚያው ዋጋ ይወስዳል። በራስ ይሁን በክብደት፣ አንዱ ይሁን ሁሉም፣ ሳታውቁ እጃችሁ ከጉልበታችሁ አይነሳ።

ሁለት፦ ቁጥር አውጡ

ይሄ ቀላል ነው። ቢሮው መንጃ ፈቃዳችሁን ያያል፣ አድራሻ ይመዘግባል፣ ቁጥር ያለው ካርድ ይሰጣችኋል። እዚያው ቆማችሁ ስለ አከፋፈሉ ጠይቁ። ቼክ ይቀበላሉ? ከአሸነፋችሁበት ዋጋ ላይ የገዢ ተጨማሪ ክፍያ አለ? በኢንተርኔት የሚጫረት ሰው ብዙ ጊዜ ይሄን ተጨማሪ ይከፍላል።

ሦስት፦ ከመድረኩ በፊት ወደ በረቶቹ ሂዱ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። አገር ቤት በግ ስንገዛ ወገቡን ጨብጠን፣ ላቱን መዝነን፣ ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቀን፣ ሄደን ተመልሰን ነው። እዚህ መድረኩ ላይ ከገባ በኋላ መንካት የለም፣ መከራከርም የለም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱና ከኋላ ያሉትን በረቶች ዙሩ። ከመንካታችሁ በፊት ሠራተኛውን ጠይቁ።

ላት አትፈልጉ። የዚህ አገር በግ እንደኛው ላታም አይደለም። ብዙው ደግሞ ገና ግልገል ሳለ ጅራቱን ተቆርጧል። እናቴ ፎቶ ልኬላት «ምን አድርገውት ነው?» ብላ ደነገጠች። ለኛ አፍ የሚስማሙት እንደ ካታህዲንና ዶርፐር ያሉት ሱፍ የሌላቸው፣ አጭር ጸጉር የለበሱት ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ጋሼ በዚህ አይስማሙም።

ወገቡን ዳስሱ። ጋሼ ያሳዩኝ መለኪያ ይሄ ነው። ጡጫችሁን ጨብጡና አንጓዎቹን በሌላው እጃችሁ ዳስሱ። የበጉ አከርካሪ እንደዚያ የሚጎረብጥ ከሆነ ከሲታ ነው። አሁን እጃችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ ዳስሱ። የበጉ አከርካሪ እንደዚያ ከሆነ ደኅና ሥጋ አለው። ሱፉ ያወፈረው በግ ዓይን ይሸውዳል፣ እጅን ግን አይሸውድም።

ቀጥሎ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ዝቅ አድርጋችሁ እዩ። ቀላ ያለ ሮዝ ከሆነ ጥሩ ነው። ከነጣ ደሙን የሚመጥ የሆድ ትል ይዞታል ብላችሁ ጠርጥሩ። አገጩ ሥር እብጠት አለ? ያነክሳል? ያስላል? ኋላው በተቅማጥ ተጨማልቋል? አንገቱን ደፍቶ ጥግ ይዞ የቆመውን እለፉት፤ ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። ከፊት በታች ያሉት ጥርሶች ሁሉም ትንንሽ ከሆኑ ገና ጠቦት ነው። ሁለቱ መሀለኞች ትልልቅ ከሆኑ ዓመት ገደማ ሆኖታል ወይም አልፎታል።

ጆሮው ላይ ቁጥር ያለው ምልክት መኖሩንም እዩ። ስክሬፒ የሚባለውን የበግና የፍየል በሽታ ለማጥፋት መንግሥት ያወጣው ደንብ ነው። እንስሳው ከየትኛው መንጋ እንደመጣ የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው።

ለማርባት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ቤት ስትደርሱ ቀጥታ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉት። አንድ ወር ያህል ለብቻው ይቆይ። ጨረታ ማለት ከሃያ መንደር የመጣ በሽታ የሚተዋወቅበት ቦታም ነው።

አራት፦ ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጨርሱ

በክብደት ሲሸጥ ዋጋው የሚጠራው ለ100 ፓውንድ ነው፤ 45 ኪሎ ገደማ። 80 ፓውንድ የሚመዝን በግ በ300 ከተዘጋ 240 ዶላር ትከፍላላችሁ። ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ግማሹ ያህል ነው የሚቀረው። 40 ፓውንድ በሉት። እንግዲህ ከነአጥንቱ ፓውንዱ 6 ዶላር መጣ ማለት ነው። ማረጃውንና ቤንዚኑን ጨምሩበት። ከዚያ ሥጋ ቤቱ ከሚላችሁ ዋጋ ጋር አስተያዩት። አንዳንድ ዓመት ቤት መቀመጡ ያዋጣል።

በዓል ሲቀርብ ዋጋ ይወጣል። የፈረንጆቹ ፋሲካ፣ የኛ ፋሲካ፣ ዒድ፣ ሁሉም በግና ፍየል ይፈልጋሉ። የኛን ፋሲካ ደግሞ ግሪኮቹም በዚያው ቀን ነው የሚያከብሩት። የሚያቆይላችሁ ገበሬ ካላችሁ ሳምንቱን አትጠብቁ።

የመጨረሻ ዋጋችሁን ጻፉና ኪሳችሁ ክተቱ። ቃል ለራስ መግባት አይበቃም። አጫራቹ ሲያጣድፋችሁ ይረሳል።

አምስት፦ ስትጫረቱ

አጫራቹ ፊት ለፊት በሚያያችሁ ቦታ ተቀመጡ። ካርዳችሁን ለይታችሁ አንሱ። መተው ስትፈልጉ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ራሳችሁን ወዝውዙ። ያንገራገረን ሰው አይለቅም፤ «አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ ይለምናል።

ከፊት ወንበር ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጡ፣ እጃቸውን እንኳ የማያነሱ፣ በቅንድብ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ለትልልቅ ቄራዎች በጭነት መኪና የሚገዙ ናቸው። ከእነሱ ጋር እልህ አትጋቡ። ግን አስተውሏቸው። እነሱ ያቆሙበት ዋጋ ብዙ ጊዜ የዕለቱ ገበያ ነው። ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አንዲት በግ ብትወስዱ አልተሞኛችሁም። እነሱ ካቆሙ በኋላ ሁለት ሐበሻ እርስ በርስ ሲወዳደር ግን አይቻለሁ። ቀድማችሁ ሰላም ተባባሉ!

ስድስት፦ ካሸነፋችሁ በኋላ

አጫራቹ ቁጥራችሁን ከጠራበት ቅጽበት ጀምሮ እንስሳው የናንተ ነው። ቢታመምም የናንተ ነው። ቢሮ ከፍላችሁ ደረሰኝ ትይዛላችሁ፤ ያለ ደረሰኝ ከግቢ አይወጣም። ትልቅ የውሻ ሳጥን ሚኒቫን ውስጥ ገብቶ ታችው ጭድ ከተነጠፈ አንድ በግ በደኅና ይጓዛል። የመኪና ሻንጣ ውስጥ ግን ነውር ነው፣ ከፖሊስም ያጣላል።

እርዱን አስቀድማችሁ አስቡ። የፌዴራል ሕጉ ሰው የራሱን እንስሳ ለራሱ፣ ለቤተሰቡና ለማይከፍል እንግዳው እንዲያርድ ይፈቅዳል። ሥጋውን መሸጥ ግን አይቻልም። የከተማና የካውንቲ ደንብ ሌላ ነው፤ የአፓርታማ ፓርኪንግ አይታሰብም። የሚሻለው እዚያው ጨረታው አካባቢ ካለ ትንሽ ቄራ ቀጠሮ መያዝ ነው። አንዳንዶቹ ባርካችሁ ራሳችሁ እንድታርዱ ይፈቅዳሉ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። በሕይወቱ ግዛት ልታሻግሩት ከሆነ ግን የእንስሳት ሐኪም የጤና ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል የምትገቡበትን ግዛት ግብርና ቢሮ ቀድማችሁ አናግሩ።

ትራክተርና የቤት ዕቃ፦ የጭቃው ጨረታ

ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ በላንካስተር መንደሮች «የጭቃ ጨረታ» የሚባል ነገር አለ። በረዶው ሲቀልጥ ሜዳው ስለሚጨቀይ ነው ስሙ። የሚያዘጋጁት የየመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ናቸው፤ ገቢውም ለእነሱ ነው። ማረሻ፣ ጋሪ፣ የአልጋ ልብስ፣ ፈረስ፣ ዶሮ፣ ሁሉም ይሸጣል። አምስት ስድስት አጫራች በአንዴ ይጮኻል። ቦት ጫማ አድርጉ። አሚሾቹን ፊት ለፊት ፎቶ አታንሱ፣ አይወዱም። ብዙ ጊዜ የኛ ሁዳዴ ላይ ስለሚውል ደግሞ በዶናቱና በቋሊማው ሽታ መሀል ማለፍ የራሱ ፈተና ነው።

ትራክተር ስታዩ መጀመሪያ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ትኩስ ከሆነ ገዢ ሳይመጣ አሙቀውታል ማለት ነው። በብርድ አልነሳ የሚል ሞተር በዚህ ይደበቃል። ዘይቱን በመለኪያው አውጥታችሁ እዩ፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የሰዓት ቆጣሪውን አንብቡ፣ ግን ፔዳሉና መሪው ካለቀ ቆጣሪውን አትመኑ። ሃይድሮሊኩ ዕቃ አንስቶ ሳይወርድ ይቆያል? ፒቲኦ የሚባለው ከኋላ የሚሽከረከረው ዘንግ ይሠራል? ጎማውን አትርሱ፤ አራት አዲስ የትራክተር ጎማ ከአሮጌው ትራክተር ሊበልጥ ይችላል። ሁሉም ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው፣ መልሱልኝ የለም። ተጎታች ከሆነ የባለቤትነት ወረቀቱ እጁ ላይ መሆኑን ሳታዩ አትጫረቱ።

የቤት ዕቃው በካርቶን ታጭቆ ጋሪ ላይ ይደረደራል። የሚሸጠው ካርቶኑ ነው፣ በውስጡ ያለው ሁሉ። ከታች ድረስ ፈትሹ። እኔ ባልፈለግኋቸው የሻይ ስኒዎች ሥር አንድ ከባድ የብረት መጥበሻ አግኝቼ በ8 ዶላር ወሰድኩት። ጥብስ የምሠራው በእሱ ነው። ስኒዎቹ አሁንም አሉ፤ የሚፈልግ ካለ!

መሸጥ ስትፈልጉ

ከእነዚያ አራት ፍየሎች ሁለቱን በላን። ሁለቱን እዚያው ፔንሲልቬንያ እርሻ ያለው ወዳጄ አቆየልኝና ከወራት በኋላ ልንሸጣቸው ጨረታ ወሰድናቸው።

መጀመሪያ ዋጋ እዩ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የኒው ሆላንድን የበግና የፍየል ዋጋ በየሳምንቱ ያወጣል፣ ነፃ ነው። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ለማደሪያና ለመኖ የሚቆረጥ መኖሩን ደውላችሁ ጠይቁ። የጆሮ ቁጥር የሌለውን አትጫኑ። በመጠንና በዓይነት የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ፤ አንዱ ከሲታ የመላውን ቡድን ዋጋ ያወርዳል። እንስሳ መንገድ ላይ ክብደት ይቀንሳል፣ ስለዚህ በደንብ አጠጡና ከቅርብ ጨረታ ጀምሩ። ለዒድ የሚሄድ ሙሉ አካል ያለው፣ ቀንዱ ያልተሰበረ ወጠጤ ደኅና ገንዘብ ያወጣል። ዋጋው ካልጣማችሁ ሳይዘጋ አልሸጥም ማለት ይቻል እንደሆነ ስታስገቡ ጠይቁ። በከብት ከሆነ ከእያንዳንዱ ራስ 1 ዶላር ለበሬ ሥጋ ማስተዋወቂያ በሕግ ይቆረጣል፤ ወረቀቱ ላይ ስታዩት አትደንግጡ።

ገንዘቡ ይቀራል ብላችሁ አትስጉ። ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንስሳት ገበያዎችን የሚቆጣጠር የፌዴራል ሕግ አለ። ጨረታው ከተካሄደበት ቀን በኋላ ባለው የሥራ ቀን ማብቂያ ድረስ የሻጩ ክፍያ መውጣት አለበት። የኔ ቼክ በፖስታ መጣ። ከጎኑ አንድ ወረቀት አለ፦ ሁለት ፍየል፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ ኮሚሽን። ታች ደግሞ የጆሮ ቁጥራቸው። ስገዛቸው የተሰጠኝን ደረሰኝ ከመሳቢያ አውጥቼ አስተያየሁት። ያው ቁጥር ነው።