ዋሺንግተንና ዳላስ ከመግጠማቸው በፊት፦ ከረቡዕ እስከ እሑድ የማያቸው ነገሮች

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ። በአሜሪካን ፉትቦል እኔ የዋሺንግተን ኮማንደርስ ደጋፊ ነኝ፣ እሱ የዳላስ ካውቦይስ። ሁለቱ ቡድኖች አንድ ምድብ ውስጥ ስለሆኑ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ መገናኘታቸው አይቀርም። በነዚያ ሁለት ሳምንቶች ወንድም ጋሼ ሲደውል ከሰላምታው ቀድሞ፣ “እህሳ ሚጡ፣ የናንተ ልጆች እንዴት ናቸው?” ይለኛል። ልጆች የሚለው የኔን አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ በፉከራ መመለስ አልወድም። ፉከራ ከሆነማ እነሱ 5 ሱፐር ቦውል (የሊጉ ዋንጫ) አላቸው፣ እኛ 3፤ እነሱ የመጨረሻውን የወሰዱት በ1996፣ እኛ በ1992 (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ይህ ለቡና ጨዋታ ደስ ይላል እንጂ ስለ እሑድ ምንም አይነግርም። እኔ አንድ ደብተር አለኝ፤ ገጹን ለሁለት ከፍዬ በግራ የኛን፣ በቀኝ የነሱን እጽፋለሁ። የምጽፈውም እንደሚከተለው ነው።

ረቡዕ የጉዳት ዝርዝሩን እከፍታለሁ። ለእሑድ ጨዋታ ቡድኖቹ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ማን ልምምድ እንደሠራ፣ ማን በከፊል እንደሠራ፣ ማን እንዳልሠራ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። አንድ ቀን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ዕድሜ የጠገቡ ተጫዋቾች ረቡዕን የሚያርፉበት ጊዜ ብዙ ነው። መታየት ያለበት አካሄዱ ነው። ረቡዕ ያልነበረ ሰው ዓርብ ሙሉ ልምምድ ከሠራ ይጫወታል ብዬ እጽፋለሁ። ረቡዕ ሙሉ ሠርቶ ሐሙስ በከፊል፣ ዓርብ ጭራሽ ከጠፋ ግን አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ ስሙን በቀይ አሰምርበታለሁ።

ቀጥሎ ወደ ግዙፎቹ የፊት መስመር ተጫዋቾች እሄዳለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ጨዋታውን ያስተማሩኝ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንድ አዛውንት ናቸው፤ ቡድኑን ድሮ በአርኤፍኬ ስታዲየም ይጫወት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የተከተሉ ሰው። መጀመሪያ አካባቢ ዓይኔ ኳሱን ብቻ ሲከተል አይተው፣ “ኳሱን ተዪው። ከፊት ጎንበስ ብለው የሚጠብቁትን አምስቱን እያቸው” አሉኝ። እነዚህ አምስቱ የኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ) አጥር ናቸው። ኳርተርባኩ በቀኝ እጁ የሚወረውር ከሆነ የግራው ታክል (ከአምስቱ በግራ ጫፍ ያለው) የማያየውን ጀርባውን ይጠብቅለታል፤ እሱ ከተጎዳ ለኔ ከታዋቂ ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) መጉደል ይብሳል።

አጥሩን ለመለካት ያለፈውን ሳምንት ጨዋታ እከፍትና ኳሱ ከመሬት ሲነሣ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ እቆጥራለሁ። ሦስት ስል ኳርተርባኩ ሳይነካ ቆሞ እያየ ከሆነ በደብተሬ ላይ አንድ ሰረዝ አደርጋለሁ። ሃያ ሙከራ ይበቃል፤ የዳላስንም እንደዚያው። ከዚያ ሰረዞቹን ከኳርተርባኩ ጠባይ ጋር አገናዝባለሁ። የኛ ጄይደን ዳንኤልስ አጥሩ ቢፈርስም በእግሩ ያመልጣል፤ ስለዚህ በስሜት እየሮጠ የሚገባበት ተከላካይ ጎኑን ከፍቶ በሩን ይለቅለታል። የነሱ ዳክ ፕሬስኮት ግን ኳሱ ሳይነሣ መከላከሉን አንብቦ ጓደኞቹን በጣቱ እያመለከተ የሚያሰልፍ ነው። እሱን ከጎን ማሳደድ ብቻ አይበቃም፤ በመሐል ገፍቶ የሚመጣበት ሰው ያስፈልጋል። የኛ መሐል ተከላካዮች ጤነኛ ካልሆኑ የዳላስን ዓምድ ከፍ አደርጋለሁ።

ሦስተኛውን ሙከራም እዩ። 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ለመሄድ አራት ዕድል አለ፤ ሦስተኛው ላይ ስንት ያርድ እየቀረው እንደሚደርስ የቡድኑን ጤና ይናገራል። ሁልጊዜ 8 እና 9 እየቀረው የሚደርስ ቡድን ቢያሸንፍም አላምነውም።

የዕረፍት ቀን ቁጠሩ። ጨዋታው ዳላስ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን እዩ፦ ስታዲየማቸው ጣሪያ ቢኖረውም በምዕራብ በኩል ያለው መስታወት የከሰዓት ፀሐይን ያስገባል። በኅዳር 2024 ከፊላደልፊያ ጋር ሲጫወቱ የዳላሱ ሪሲቨር ሲዲ ላም ለታችዳውን (ኳሱን የሜዳው ጫፍ ውስጥ ይዞ ለማስቆጠር) የተወረወረለትን ኳስ ፀሐይ ዓይኑን ወግቶት ሳያየው ቀረ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ኅዳር 24 ቀን 2024፣ እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ የኛ ስታዲየም ባለበት ላንዶቨር። ደብተሬ ያለው ሁሉ ለኛ ነበር። እኛ 7 አሸንፈን 4 ተሸንፈናል፤ እነሱ 3 አሸንፈው 7። አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተረትተው ነው የመጡት። ፕሬስኮት ተጎድቶ የለም። እኛ ከሐሙስ ጨዋታ ወዲህ 10 ቀን አርፈናል፤ እነሱ ሰኞ ማታ ተጫውተው ነው የመጡት። አሰልጣኛችን ዳን ክዊን ራሱ ዳላስ ሦስት ዓመት የመከላከል አሰልጣኝ ሆኖ ስለሠራ ቤቱን ያውቀዋል። ለወንድም ጋሼ በእርግጠኝነት ነገርኩት።

34 ለ26 ተሸነፍን። ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር የዳላሱ ካቮንቴይ ተርፒን የመታነውን ኳስ መጀመሪያ ከእጁ አምልጦት፣ አንሥቶ ዞር ብሎ 99 ያርድ ሮጦ አስቆጠረብን። 21 ሰከንድ ሲቀር የኛ ቴሪ ማክሎሪን የተወረወረለትን ይዞ በ86 ያርድ ጉዞ አስቆጠረ፤ 27 ለ26። እኩል ለመሆን አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር የቀረችው፣ ከታችዳውን በኋላ በእግር የምትመታ። በዚያው ቀን ሁለተኛዋ የሳትናት ነጥብ ሆነች። ቀጥሎ ራሳችን መልሰን ለመያዝ ብለን በአጭሩ የመታነውን ኳስ ዳላሶች ይዘው ያንኑ ለሌላ ታችዳውን ሮጡበት።

ማታ ደብተሬን ከፍቼ የጉዳት ዝርዝሩን እንደገና አነበብኩ። ኪከራችን (ኳስ በእግር የሚመታልን) ዳሌውን ታሞ ሁለት ጨዋታ አምልጦት ገና መመለሱ ነበር። ስሙ እዚያው ተጽፏል፤ እኔ ኪከር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። በነሱ በኩል ያለው ብራንደን ኦብሪ ደግሞ የእግር ኳስ ተጫዋች የነበረ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከ65 ያርድ ያስቆጠረ ሰው ነው። ይህን ሁለቱን ጎን ለጎን ብጽፋቸው ኖሮ ለወንድሜ እንደዚያ አልናገርም ነበር።

ስለዚህ አሁን ከኳርተርባኩ እኩል ሦስት ሰዎችን እጽፋለሁ፦ ኪከሩን፣ ኳሱን ወደ ኋላ ወርውሮ የሚያቀብለውን፣ ተቀብሎ የሚያስቀምጥለትን። ከሦስቱ አንዱ አዲስ ወይም ከጉዳት የተመለሰ ከሆነ የምገምተውን ውጤት በሦስት ነጥብ እቀንሳለሁ። ኳስ የሚመልሰውን ሰውም እንዲሁ፤ ተርፒን ካለ ከሱ ራቅ አድርጎ የሚመታ ቡድን ነው ወይ ብዬ ያለፉትን ጨዋታዎች አያለሁ።

የዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ከሆነ ዋናዎቹ ሊያርፉ ስለሚችሉ ሒሳቡ ሌላ ነው። ጥር 5 ቀን 2025 ዳላስ ላይ ዳንኤልስ ከዕረፍት በኋላ አልገባም፤ ያሸነፍነው ተጠባባቂው ማርከስ ማሪዮታ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ለማክሎሪን በሰጠው ኳስ ነው፣ 23 ለ19። በዚያ ሳምንት ተጠባባቂዎቹን ሳታዩ አትገምቱ።

እሑድ ጨዋታው ሊጀምር 90 ደቂቃ ሲቀረው የማይሰለፉት ስም ይወጣል። ደብተሬን አስተካክላለሁ፣ ውጤቱንም በቁጥር እጽፈዋለሁ፤ ከጀመረ በኋላ አልነካውም። ስታዲየም ከሄድኩ ከሞርጋን ቡሌቫርድ ባቡር ጣቢያ ወርጄ በእግሬ ቀደም ብዬ እገባለሁ፤ ምክንያቱም ማሟሟቂያው ላይ ኪከሩ ይታያል። ከየትኛው ያርድ ላይ ወደኋላ ማፈግፈጉን እንዳቆመ፣ ነፋሱ ኳሱን ወደየት እንደወሰደበት፣ ከመታ በኋላ እግሩን እንዴት እንዳሳረፈ አያለሁ። ለወንድም ጋሼ የምደውለው ከዚያ በኋላ ነው።