ኤክሳይተን ሲንቀሳቀስ ለመለካት ሌዘሩን ቀንሱት

ኤክሳይተን ማለት ብርሃን በመታው ሴሚኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮንና የለቀቀው ባዶ ቦታ ተሳስበው የሚሆኑት ጥንድ ነው። በአንድ ንብርብር ቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለመለካት ብዙ ሰው በሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ይጀምራል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ተንግስተን ዳይሰልፋይድን ነው። የሚሰጠው ብርሃን 615 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ በዓይን ይታያል።

ክሪስታሉን ቴፕ ላይ አድርጉና ቴፑን ደጋግማችሁ እያጠፋችሁ ግለጡት። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጋይምና ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ማንችስተር ላይ ግራፊንን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን የካርቦን ንጣፍ) የለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። ብርማው ንጣፍ ሲሳሳ፣ 285 ናኖሜትር ኦክሳይድ ባለው ሲሊከን ላይ ተጭናችሁ ለጥፉትና ቀስ ብላችሁ ላጡት። እዚህ ላይ መቸኮል ናሙናውን ይቀዳድደዋል።

ማይክሮስኮፕ ስር ቢጫና ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን እለፉት፤ ወፍራም ነው። የምትፈልጉት ከወይን ጠጁ መደብ በጭንቅ የሚለየውን ስስ ጥላ ነው። ከተጠራጠራችሁ አረንጓዴ ብርሃን አብሩበትና በቀይ ማጣሪያ እዩት። አንድ ንብርብር ከሆነ እንደ ፍም ይበራል። ሁለት ንብርብር የሆነው ጎረቤቱ ግን በጣም ደብዛዛ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን አጭር የሌዘር ምት ግማሽ ማይክሮን ገደማ በሆነች ነጥብ ላይ አሳርፉ። ኤሌክትሮኑና የለቀቀው ባዶ ቦታ ተሳስበው ኤክሳይተን ይሆናሉ፤ ብርሃን ሰጥቶ ወይም በከንቱ እስኪጠፋ ድረስ ይንከራተታል። ይህ ሁሉ በፒኮሰከንዶች የሚለካ ስለሆነ ስትሪክ ካሜራ፣ ማለትም ብርሃኑ በየፒኮሰከንዱ ሲለዋወጥ የሚቀርጽ ካሜራ፣ ያስፈልጋችኋል። በምስሉ አንዱ ዘንግ ቦታ፣ ሌላው ጊዜ ነው። በየጊዜው ያለውን ብርሃን የጋውስ ኩርባ (የደወል ቅርጽ ያለውን) አልብሱት፤ የስፋቱን (የሲግማውን) ስኩዌር ከጊዜ ጋር ሳሉ። የመስመሩ ዘንበል ግማሽ የስርጭት መጠኑን፣ ማለትም ኤክሳይተኖቹ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰራጩ፣ ይሰጣችኋል።

ዋናው ነገር ግን የሌዘሩ ጉልበት ነው። ምስሉ እንዲደምቅ ብላችሁ አትጨምሩት! ኤክሳይተኖች ሲበዙ ይጋጫሉ፤ በግጭቱ አንዱ ይጠፋል። መሃሉ ላይ ስለሚታጨቁ ቶሎ የሚያልቁት እዚያ ነው። ጫፉ ሳይነካ መሃሉ ሲደበዝዝ፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ ነጥቡ የሰፋ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በጀርመን የሬገንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሥራ በዚሁ ቁስ ላይ ጉልበቱ ሲጨምር የሚለካው የስርጭት መጠን ከ0.3 ወደ 30 ስኩዌር ሴንቲሜትር በሰከንድ እንደሚዘል አሳይቷል። መቶ እጥፍ ነው።

ስለዚህ ለክታችሁ ስትጨርሱ ጉልበቱን በግማሽ ቀንሱና ድገሙት። ዘንበሉ ከተለወጠ አሁንም ቀንሱ፤ መለወጡን እስኪያቆም ድረስ። ናሙናውን ከላይም ከታችም በቦሮን ናይትራይድ (ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ስስ ክሪስታል) ከሸፈናችሁት ግጭቱ ይቀንሳል፤ ትንሽ ከፍ ባለ ጉልበት መሥራት ትችላላችሁ። ያኔም ቢሆን የግማሹን ልኬት አትዝለሉ።